በሁለት ቅኝት መካከል

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምክንያት አልነበረውም። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል፤ ረዳቱ የቀረችውን ቦታ ለመሙላት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በፌስታል የያዙትን ጎመን ጭናቸው ላይ አመቻችተው አንቀላፍተዋል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው የለም፤ ያለብኝ ዕዳም የለም። ተወልጄ ያደግሁበት የፒያሳ ግቢ ከሦስት ወር በፊት ፈርሶ ስለነበር መጀመሪያ ለዚያ መሰለኝ፤ ግን አይደለም። ስለ ግቢያችን ሳስብ የማዝንበትን ነገር አውቀዋለሁ፦ የተሸረፈው የሲሚንቶ ደረጃ፣ ሌሊት ብቻ ውኃ የሚመጣበት የጋራ ቧንቧ፣ እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ሽቦ። ያ ትዝታ ነው፤ መልክ አለው፣ አድራሻ አለው። የታክሲው ግን መልክም አድራሻም አልነበረውም። ዓለም እንዳለች ሆና አንድ ክሯ የላላ መሰለኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀና ብላ ፊቴን አየችና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ይህ «ምንም» ነው ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ተኩል የኦርኬስትራ ኖታ ሲያስጽፈኝ የከረመው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «መሆንና ጊዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ፍርሃትን ከሌላ ስሜት ለይቶ ያስቀምጣል። ፍርሃት የሚፈራ ነገር አለው፤ ጅብ፣ በሽታ፣ የፈተና ውጤት። ሌላው ግን ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም ነገር የለውም። ጀርመኖቹ «አንግስት» ይሉታል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ጭንቀት» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ትርጉም አይዋጥልኝም። ጭንቀት ምክንያት አያጣም፤ የቤት ኪራይ ያስጨንቃል፣ ምጥ ያስጨንቃል። ምክንያት የሌለውን ስሜት አማርኛ ከማንም ሳይዋስ በራሱ ሰይሞታል፤ ሆድን ባር ባር ማለት ነው። ማንም ሰው «በምን ምክንያት ባር ባር አለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ አያውቅም፤ ቢያውቅማ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር።

ሃይደገር ራሱ፣ ስሜቱ ካለፈ በኋላ ሰዎች «ምንም አልነበረም» እንደሚሉ ልብ ብሎ ጽፏል። ይህን አባባል እንደ ማድበስበስ አይቆጥረውም፤ እውነተኛ መልስ ነው ይላል። ያወከን በእርግጥም ምንም ነው፤ በዓለም ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱም አይደለም። የተነቃነቀው ነገሮች ሁሉ ትርጉም አግኝተው የሚቆሙበት መሬት ነው። እንግዲህ እኔ ለእናቴ የመለስኩላት መልስ፣ ሳላውቀው፣ ትክክለኛው ነበር ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ከቤት ወጣሁና እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መቀመጥ አልቻልኩም ነበር።

ስለዚህ ሰው ሳነሣ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ በስድስት ኪሎ ባለፍኩ ቁጥር የየካቲት 12 ሐውልት ፊት ለፊቴ ይቆማል፤ በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ሚሊሻዎቻቸው በዚህ ከተማ ሕዝብ ላይ ለፈጸሙት ጭፍጨፋ የቆመ መታሰቢያ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲይዝ እጁ ሊከብደው ይገባል። የእኔ ይከብደኛል። ያም ሆኖ ከመጽሐፉ አንድ ቃል ወስጃለሁ፤ ቃሉ የእሱ የግል ንብረት አይደለምና።

ቃሉ «ሽቲሙንግ» ነው። ሰው መቼም ከስሜት ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ ዓለምን የሚያያት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ስሜት ውስጥ ሆኖ ነው ሲል ሃይደገር የሚጠቀምበት ቃል ይህ ነው። የቃሉ ሥር ቫዮሊን ወይም ፒያኖ መቃኘት ማለት ነው። ከእሱ በፊት ዴንማርካዊው ፈላስፋ ሶረን ኪርክጋርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ስለ አብርሃምና ስለ ይስሐቅ በጻፈው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ያስቀመጠውን ክፍል «ስቴምኒንግ» ብሎታል፤ የጀርመንኛው ቃል ወንድም ነው፤ እሱም ስሜትም መቃኘትም ማለት ነው። በዚያ ክፍል አብርሃም አራት ጊዜ ወደ ሞሪያ ተራራ ይወጣል። ታሪኩ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ነው፤ አህያው ያው፣ እንጨቱ ያው፣ ቢላዋው ያው። በአንደኛው ግን አብርሃም ልጁ በእግዚአብሔር ተስፋ እንዳይቆርጥ ሲል ራሱን ጨካኝ አስመስሎ ያቀርባል፤ በሌላው ይስሐቅ የአባቱ እጅ በተስፋ መቁረጥ ሲጨበጥ ያይና ከዚያ ቀን በኋላ እምነቱን ያጣል። ዜማው አንድ ሆኖ የሚለወጠው ቅኝቱ ነው።

ቅኝት! እነሱ በአንድ ቃል የያዙትን እኛም በአንድ ቃል ይዘነዋል። ለእኛ ቅኝት የአውታሮቹ አቀማመጥ ነው፣ የዘፈኑ መንፈስ ነው፣ የዘፋኙም የሆዱ ነገር ነው፤ ሦስቱን ለያይቶ የሚናገር የለም። እንግዲያው ባር ባር ማለት የትኛው ቅኝት ነው? የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰል ወይስ የአንቺሆዬ? ጥያቄው ይህ ሆነብኝ። መልሱን እስካገኝ ድረስ ግን ብዙ ተሳሳትኩ።

ወዳጆቼ «የራሳችን ፈላስፋ እያለ ለምን ዘርአ ያዕቆብን አትይዥም?» ይሉኝ ነበር። ሐተታውን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በዋሻው የተቀመጠው ሰው የሚጠይቀው እውነቱ የቱ ጋ ነው ብሎ ነው፤ ልቡናውንም ያምነዋል። እኔን የያዘኝ ልቡና መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ያለው ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቄ በካሙ ተነሥቶ በቅዱስ ያሬድ የሚያበቃ ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልበር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ድርሳን የግሪኩን ሲሲፈስን ያነሣል፤ ድንጋዩን ወደ ተራራ ጫፍ ሲገፋ የሚኖር፣ ጫፍ በደረሰ ቁጥር ድንጋዩ ተመልሶ የሚንከባለልበት ሰው። እኛ ደግሞ የያሬድ ትል አለችን፤ ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ለተቀመጠው ለያሬድ የታየችው፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ጫፍ የደረሰች። በሲሲፈስና በትሏ መካከል ያለውን ልዩነት በኦርኬስትራ ላሰማ ተነሣሁ። ቼሎዎቹ ሰባት ጊዜ ይወጣሉ፤ ስድስት ጊዜ ይወድቃሉ። አርባ ገጽ ጻፍኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፒያኖ ላይ ከዳር እስከ ዳር መታሁትና የተሰማኝ ደረጃ የሚወጣ ሰው ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ትል ስትወጣ በድምፅ መሣል ከባድ አይደለም፤ ግን ሥዕል ነው እንጂ ሐሳብ አይደለም። አርባውን ገጽ አጣጥፌ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ያን ጊዜ የሌሎችን ሥራ እንደገና መስማት ጀመርኩ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1896 «ዛራቱስትራ» የተሰኘውን የፈላስፋውን የኒቼን መጽሐፍ ወደ ኦርኬስትራ ሲያመጣው በጥሩምባ ዶ፣ ሶል፣ ዶ ብሎ ይጀምራል፤ ይህን መጀመሪያውን የማያውቅ የለም። እኔን ያቆመኝ ግን መጨረሻው ነው። ከላይ ቫዮሊኖቹና የእንጨት ነፊ መሣሪያዎቹ በሲ ሜጀር ላይ ሆነው ይርቃሉ፤ ከታች ቼሎዎቹና ቤዞቹ ዶን በጣት ይነካሉ። ሲ እና ዶ ጎን ለጎን ያሉ ድምፆች ናቸው፤ ከዚህ በላይ የሚቀራረቡ፣ ከዚህም በላይ የሚጣሉ የሉም። ሳይታረቁ ያበቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 በጻፈው «ያልተመለሰው ጥያቄ» ውስጥ አንድ ትራምፔት የመኖርን ጥያቄ ሰባት ጊዜ ይጠይቃል፤ ፍሉቶቹ ስድስት ጊዜ ለመመለስ ይሞክራሉ፤ ለሰባተኛው መልስ የለም። ክሮቹ፣ ማለትም ባለ አውታር መሣሪያዎቹ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዞር ብለው እንኳን አያዩም፤ በራሳቸው ዝግታ ይሄዳሉ። ሁለቱም ምንም አይተርኩም። ያደረጉት ድምፆችን ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ይህ እዚህ፣ ያኛው እዚያ። ፍልስፍናው ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። ቅኝትም አቀማመጥ ነው።

ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ካለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ክራር የሚሠሩ፣ ፈልጎ ለመጣም የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት አሉ። ጥያቄዬን ሳላብራራ ሄጄ ፊት ለፊታቸው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ክራሩን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ትዝታ መቱልኝ። ከዚያ «አሁን አንቺሆዬ ይምቱልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ቀንበሩ ላይ ያሉትን መቃኛዎች አንድ በአንድ ያዞሩ ጀመር። አንዱ እጃቸው ያዞራል፣ ሌላው ክሩን ቀስ አድርጎ ይነካካል፤ ጆሯቸው ከእንጨቱ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ቀርቶታል። አንደኛው ክር ወረደ። የሚቀጥለው ገና ነበር። አውራ ጣታቸው ሁሉንም ክሮች ጠርጎ ሲያልፍ የተሰማው ድምፅ ትዝታ አልነበረም፤ አንቺሆዬም አልነበረም። ግማሹ ቤቱን ለቋል፣ ግማሹ ገና እዚያው ነው። ሆዴን ባር አለኝ፤ ልክ እንደ ታክሲው።

«ጋሼ፣ አሁን የትኛው ቅኝት ላይ ነዎት?»

ቀና ሳይሉ «አሁንማ የትም አይደለሁ፤ መንገድ ላይ ነኝ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ «ሁለቱን አልነካኋቸውም፣ አየሽ ልጄ? እነሱን ከነካሽ መድረሻሽን ማን ይነግርሻል?»

ነገሩን በፒያኖ ድምፅ ልናገረው፤ የክራር ጆሮ ከፒያኖ እንደሚለይ ባውቅም ለኦርኬስትራ የምጽፈው በዚህ ስለሆነ ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አንቺሆዬ ከዚያው ከዶ ሲነሣ ሬ ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች፣ ሚ ግማሽ ድምፅ ወጥታ ፋ ትሆናለች፣ ሶል ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። ዶ እና ላ ባሉበት ይቆያሉ። ሦስቱ የሄዱት ርቀት አንድ ላይ ቢደመር አንድ ድምፅ ተኩል ነው። ይህን ያህል ብቻ። በዚህች ርቀት ግን ሰው ከአንድ ዓለም ወጥቶ ሌላ ዓለም ይገባል።

የዚያን ዕለት ማታ ያገኘሁትን ነገር እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ባዶ የኖታ ወረቀት ዘርግቼ የኦርኬስትራውን ክሮች በየተራ ጻፍኩ፤ ጣት ሳያርፍባቸው በቀስት ብቻ ሲመቱ የሚሰጡትን ድምፅ። የቫዮሊን አራቱ አውታሮች ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። የቪዮላና የቼሎ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ። የደብል ቤዝ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። የተደጋገመውን አውጥቼ ከታች ወደ ላይ ስደረድራቸው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሆኑ። ትዝታ። አንድ ድምፅ ሳይጨመር፣ አንድ ድምፅ ሳይጎድል፣ ሙሉ ትዝታ። ኦርኬስትራ የትም አገር ይሁን፣ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ክሩን ሲቃኝ በአዳራሹ የሚሞላው ድምፅ የትዝታ ድምፅ ነው።

ይህን የነገረኝ ሰው ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ። ተማሪ ሳለሁ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የኦርኬስትራ ዝግጅት ልታይ ብሔራዊ ቴአትር ወስጃት ነበር። ነጠላዋን በጥንቃቄ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሙዚቀኞቹ ወጡ፣ መቃኘት ጀመሩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ትዝታ ሊመቱ ነው እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። ሰው እንዳይሰማን ዞር ዞር ብዬ አይቼ «አይ እማዬ፣ ገና እየቃኙ ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋት። የሙዚቃ ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ጆሮ የነበራት እሷ ናት።

አሁን ሥራው መልክ ያዘ። ሙዚቃው ከመቃኘት ይጀምራል፤ አድማጩ ገና አልተጀመረም ብሎ እያወራ ሳለ ተጀምሯል። ክሮቹ ቀስ በቀስ ከመቃኘት ወደ ዜማ ያልፋሉ፣ ትዝታም ለሰባት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ከዚያ መሐል ላይ፣ ቀስቱ ሳይቆም፣ ሙዚቀኞቹ መቃኛቸውን ያዞራሉ። ሬ እና ሶል እየተሰሙ ይወርዳሉ። ነፊዎቹ ዶ እና ላን ብቻ ይዘው ይቆማሉ፤ አዛውንቱ ያልነኳቸውን ሁለቱን። መጨረሻ ላይ አንቺሆዬ ይደረሳል።

ትዝታ ወደ ኋላ ያያል፤ የሚያየው ነገር ከሄደ ቆይቷል። አንቺሆዬ ግን ገና ከስሙ ሰው ይጠራል፦ አንቺ ሆዬ! የተጠራችው ትምጣ አትምጣ አይታወቅም፤ ጠሪው ግን ፊቱን አዙሯል። ይህን ያየሁት ኖታውን ጨርሼ ርዕስ ልጽፍለት ስል ነው፤ አስቤበት ብጀምር ኖሮ ምናልባት አበላሸው ነበር።

በአውሮፓ ሙዚቃ ይህ ስሜት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ቅኝትን ፈጽሞ በመተው ነው። ብዙዎቹን ሥራዎች እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ባር ባር እንዲያ አይደለም። ቅኝት የሌለው ሰውና ከቅኝት ወደ ቅኝት የሚያልፍ ሰው አንድ አይደሉም። ሃይደገር አንግስትን ሲገልጽ ሰው በገዛ ዓለሙ ውስጥ ቤቱ እንዳልሆነ ይሰማዋል ይላል። የግቢያችን ፍራሽ ላይ የቆምኩ ቀን ይህ አልተሰማኝም፤ ቤቴ የት እንደነበረ በሚገባ አውቅ ነበርና። የተሰማኝ አዲሱ ሰፈር ከገባን በኋላ ነው፤ ሁሉም ዕቃ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ። አንዱ ክር ደርሷል፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው።

ከቤቶቹ ወደ ሰዎቹ ልመለስ። ያሰባሰብኩት ኦርኬስትራ አሥራ ስምንት ክሮች፣ ሁለት ፍሉት፣ አንድ ክላርኔት፣ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦንና ቲምፓኒ ነው። የኦቦ ተጫዋች አላገኘሁም፤ ባሶንም የለኝም። ስለዚህ በኦቦው ፈንታ ለመቃኛ የሚሆነውን ላ የሚሰጠው ክላርኔቱ ነው። አንዳንዶቹ ከባንድ የመጡ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ገና ይማራሉ፣ አንዱ ቼሊስት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ለምልክት ያህል የትራንስፖርት ተሰጥቷቸው ነው የሚመጡት። ይህን ሁሉ የማወራው፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር የማንን ጊዜና የማንን ዕቃ አደጋ ላይ እንደጣልኩ እንዲታወቅ ነው።

በመጀመሪያው ልምምድ ሚ ተበጠሰች። ወደ ፋ እንድትወጣ ጽፌ ነበር። ሬ እና ሶል ስለሚወርዱ ክሩ ይላላል እንጂ አይጎዳም፤ ሚ ግን ትወጣለች። ግማሽ ድምፅ ለማውጣት የክሩን ውጥረት በ12 በመቶ ገደማ መጨመር ያስፈልጋል፤ የቫዮሊን ሚ ደግሞ ከሁሉም ቀጭኗና ከሁሉም የተወጠረችው ናት። ክረምት ነበርና የመቃኛው እንጨት አብጦ አልታዘዝ አለ፤ ልጅቷ ኃይል ጨመረች፤ መቃኛው ድንገት ለቀቀና ክሩ ከጉንጯ ሥር እንደ ጅራፍ ጮኸ። ሁሉም ቀስቱን አወረደ። ልጅቷ አልተጎዳችም፤ ግን ፊቷ ነጥቶ የተንጠለጠለውን ሽቦ በሁለት ጣቷ ይዛ ታያለች። ሌላ ሚ አልነበራትም። ያቺም ከውጭ በመጣ ዘመድ እጅ የተላከችላት ነበረች።

ያን ዕለት ማታ ስለ ፍልስፍናዬ አሰብኩ። ነጻነት ያዞራል፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ይሆናል የሚለውን የኪርክጋርድን ሐሳብ በወረቀት ላይ ማድነቅ ቀላል ነው። መቃኛውን የምታዞረው ግን ሌላ ሰው ናት፤ የሚበጠሰውም የእሷ ክር ነው። ከሰነበተ ወዳጅ ሁለት ሚ ተበድሬ ሰጠኋት፤ ኖታውንም አረምኩ። ሚ አትነካም። ፋ በምትመጣበት ቦታ አንደኛው ጣት ያርፍባታል፤ ያለ ጣት አትመታም። ስለዚህ በሥራው ሁለተኛ አጋማሽ ከቫዮሊኖቹ ላይ አንድ አውታር አንዲት ጊዜ እንኳን በራሷ ድምፅ አትናገርም። መጀመሪያ እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። አሁን ያለዚህ አልፈልገውም።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ኖታው ላይ «እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ። ጎረቤትን መጠበቅም መቅደምም አያስፈልግም» ብዬ ጽፌያለሁ። መሪው እዚያ ሲደርስ ዱላውን ማስቀመጫው ላይ ያጋድማል፤ ምት አይሰጥም። ሙዚቀኞቹ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠለጠኑት አብረው ለመንቀሳቀስ ነው። ተጠባበቁ። በዓይን ተያዩ። ከዚያ አሥራ ስምንቱም በአንድ ላይ ቁልቁል ወረዱና ከሩቅ የሚመጣ የአምቡላንስ ጩኸት መሰለ። ደገምን፤ ያው ነው። እኔ ስለ ነጠላው ሰው፣ ስለ ግል ውሳኔ መናገር ጀመርኩ፤ ሞቴን ማንም ሊሞትልኝ እንደማይችል ሁሉ ይህንንም ማዞር ማንም አያዞርላችሁም አልኩ። በአክብሮት ሰሙኝ። ሲመቱት ግን አልተለወጠም።

ቼሎ የያዙት ጡረተኛ ናቸው የፈቱት። ቀስታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እንደ ለቅሶ ደራሽ ነው የምትይው?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ድንኳን ስትሄጂ ማን ይመታልሻል? አንዷ ከበሩ ጀምራ ታለቅሳለች፣ አንዷ ሬሳው ፊት ስትደርስ፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቀርብለት እንባው ይመጣል። ያው ሁሉም ለአንድ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለም። መሪው ዱላውን አጋደመ። ከኋላ የተቀመጠች የቪዮላ ተጫዋች ቀድማ ሬዋን አወረደች፤ ብቻዋን። ድምፁ ራቁቱን ቆመ። ረጅም ጊዜ አለፈ፤ ከዚያ አንድ ቫዮሊን፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ቼሎው። ገሚሱ አንቺሆዬ ላይ ደርሶ ገሚሱ ትዝታ ላይ ቆሟል፤ ዶ እና ላ በፍሉቱና በክላርኔቱ አፍ ላይ እንዳሉ ናቸው። በኖታው ላይ ከማልችለው በላይ የሆነ ነገር አዳራሹ ውስጥ ነበር። ስለ እድርና ስለ ድንኳን ሳስብ እዚህ አገር ሰው ብቻውን አይሞትም፣ የእነ ሃይደገር ብቸኝነት እኛን አይመለከተንም የሚል አንድ ሐሳብ በልቤ ነበር። ስቼ ነበር። ድንኳኑ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ለብቻው የሚደርስ ስለሆነ ነው።

የቀረን የቦታ ጉዳይ ነበር። ሥራው አሥራ ሰባት ደቂቃ ስለሆነ ከሌሎች ሁለት ሥራዎች ጋር ይቀርባል። እኔ የመጨረሻው እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ ሙዚቀኞቹ አንቺሆዬ ላይ እንደቆሙ መብራቱ እንዲጠፋ። መሪው የመጀመሪያው ይሁን አለ። «ከዚያስ?» አልኩት፤ «ለሚቀጥለው ሥራ ሁሉም መመለስ አለባቸው፤ ሕዝብ ፊት ሬውንና ሶሉን ሊያወጡት ነው?» «አዎ» አለኝ፤ «ምን ይደረጋል?» ሦስት ቀን ተከራከርን። ተሸነፍኩለት።

ባለፈው ቅዳሜ በነበረው የመጨረሻ ልምምድ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ከኋላ ረድፍ ተቀመጥን። ሙዚቃው አልቆ ጸጥታ ሆነ፤ መሪው ለሚቀጥለው ሥራ ገጽ እየገለጠ ለክላርኔቱ ምልክት ሰጠ። ላ መጣች፤ ከመጀመሪያው ያልተነቃነቀችው ላ። ክሮቹ መመለስ ጀመሩ፤ አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ አልፎት ሄዶ እንደገና ወርዶ። እናቴ አንገቷን ወደ እኔ ዘንበል ስታደርግ ቀድሜያት «ትዝታ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«እሱንማ ያኔ ነግሬሽ ነበር» አለችኝና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

ሌሎቹ ጨርሰው ቀስታቸውን አወረዱ። የደብል ቤዙ ተጫዋች ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጆሮውን መሣሪያው አንገት ላይ ለጥፎ ቀጭኗን ክር ቀስ እያለ ወደ ሶል ያወጣታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ትንሽ ያዞራል።